ከድስቱ ጋራ ስለሚጓዝ ባለሙያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ሕክምና ወይም ስለ ምሕንድስና እንድንናገር የመከሩን ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን ስለ ወጥ ሠሪ፣ ይልቁንም ከአገር አገር እየተጓዘ በሰው ቤት ስለሚሠራ ወጥ ሠሪ ለመናገር መጥተናል። ምክንያቱን መደበቅ አያሻንም። በዓመቱ መጀመሪያ መምህራችን ወደፊት ምን ለመሆን እንደምናስብ በየተራ ሲጠይቁን ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ወጥ ሠሪ» አለ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። የሣቅነውም እኛው ነን። ወሬው ከቤቱ ደርሶ አባቱ «ወንድ ልጅ አስተምሬ ማጀት ልሰደው?» ብለው እንዳዘኑ ሰማን። እርሳቸውም ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ይህን የምናነሣው እርሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ አስቀድመን የሣቅነው እኛ ስለ ሆንን ዕዳችንን ለመክፈል ነው።

እንደሚታወቀው ነገሥታቶቻችን ብዙውን ዘመን በድንኳን ኖረዋል። «ከተማ» የምንለውም ቃል በቀድሞው ጊዜ የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ወጥ ቤቱም፣ እንጀራ ቤቱም፣ ጠጅ ቤቱም አብሮ ይነሣል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ነገር ጽፏል። ወጥ ቤቱ ከንጉሡ ድንኳን በስተኋላ ራቅ ብሎ ይተከል ነበር፤ ምግቡም በጥቁር የሸክላ ዕቃ ሆኖ፣ የሐር ጥላ ተይዞለት፣ በብላቴኖች እጅ ይመጣ ነበር። ለወጡ ጥላ ተያዘለት፤ ወጡን የሠራው ሰው ግን ከጢሱ ጋራ ወደ ኋላ ቀረ።

ሆኖም ያ ከጢሱ ጋራ የቀረው ሰው የጌታውን ነፍስ በእጁ የያዘ ነበር። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለወግ ብቻ አልነበረም፤ መርዝ ይፈራ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጠው እጁ የጣፈጠለት ብቻ ሳይሆን የሚታመን ሰው ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ስለ እንጦጦ ማርያም ምረቃ ያደረጉት ታላቅ ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የወጡ ዓይነት ሳይቀር ተመዝግቧል። የምጣዱና የድስቱ ሴቶች ስም በዚያ ላይ ቢጨመር ኖሮ መጽሐፉ ምን ያህል ይወፍር ነበር!

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የዐድዋ ዘመቻ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ሲዘምት አያሌ ሴቶች አብረው ዘምተዋል። ወንዱ ሰፈር ደርሶ ጋሻውን ሲያወርድ የእነርሱ ሥራ ገና መጀመሩ ነበር፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቀማል፣ እህል ይፈጫል፣ እንጀራ ይጋገራል። በየመንገዱ አስቀድሞ ስንቅ እንዲከማች ተደርጎ ነበር። ቢሆንም በየካቲት ወር ስንቁ እየመነመነ ሄዶ ዐፄ ምኒልክ ሠራዊቱን ይዘው ለመመለስ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። የጠላት ጄኔራል ባራቲየሪም በበኩሉ ስንቁ እያለቀበት ወይ መመለስ ወይ መግጠም ግድ ሆነበት፤ በየካቲት 23 ቀንም ገጠመ። ታሪክ ስንማር ስለ መድፉና ስለ ጠመንጃው በሰፊው ተነግሮናል፤ ስለ አቁማዳው ግን ጥቂት ነው።

ስለ ስንቅ ካነሣን አይቀር፣ በዚህ በኩል እናቶቻችን ሊቃውንት ናቸው። ምግብን ፈጥኖ የሚያበላሸው በውስጡ ያለው ርጥበት ነው። ስለዚህ ገብሱ ተቆልቶ ይፈጭና በሶ ይሆናል፤ መንገደኛው በቀዝቃዛ ውሃና በጨው በጥብጦ ያለ እሳት ይጠግባል። በሶው በንጥር ቅቤ ሲለወስ ጭኮ ይባላል። እንጀራው ይደርቅና ድርቆሽ፣ ሥጋው ይሰቀልና ቋንጣ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ዋሻ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተፈልፍሎ መኪና ሳያልፍበት በፊት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ገደሉን በእግርና በበቅሎ ይወርድ የነበረው መንገደኛ በአገልግሉ የያዘው ይህንኑ ነው።

መንገድ ራሱ ወጥ ሠሪን ይፈትናል። ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ሸዋ ሮቢት ለጉብኝት ስንወርድ እንጀራ እዚያው እንጋግራለን ብለን ከዚህ ሊጥ አቡክተን ይዘን ሄድን። በእኛ ብርድ ሦስት ቀን የሚጠብቀን ሊጥ በቆላው ሙቀት በአንድ ሌሊት ኮምጥጦ ከዕቃው ገንፍሎ አደረ። በአንጻሩ ደግሞ እዚህ ግማሽ ቀን የሚያስለፋን የአተር ክክ እዚያ ሳናስበው በሰለ። የሳይንስ መምህራችን ምክንያቱን ገለጡልን። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። ስለዚህም ውሃው ገና ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ በሸዋ ሮቢት ግን ወደ 96 ዲግሪ ይደርሳል። የፈላ ውሃ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። ሊጡን አስቀድሞ «ቀነስ አድርጋችሁ አቡኩት፤ ይገነፍላል» ያለን ያ የሣቅንበት ጓደኛችን ነበር፤ የሰማው አልነበረም።

ተጓዥ ወጥ ሠሪ ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲደገስ ከሌላ ቀበሌ በበቅሎ የምትጠራውን እናት ሁላችንም እናውቃታለን። ስሟን ትተን «ባለሙያ» እንላታለን። ሽንኩርቱን በዓይኗ ትሰፍራለች፤ ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች፤ ለሦስት መቶ ሰው የሚበቃውን ወጥ አንድ ጊዜ ቀምሳ «ጨው ጨምሩ» ትላለች። ለሴት ክብር የሆነው ይህ ሙያ ለወንድ ልጅ ነውር የሆነበትን ምክንያት እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ መልስ አጣን።

አሁን ከአገራችን ወጥተን አንድ ሰው እናንሣ። ማርከስ ሳሙኤልሰን በኢትዮጵያ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞቱ ከእኅቱ ጋራ በስዊድን አገር በጉዲፈቻ አደገ። ማብሰልን የጀመረው ከስዊድናዊት አያቱ ከሄልጋ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ በስዊስና በፈረንሳይ ወጥ ቤቶች፣ እንዲሁም በመንገደኛ መርከብ ላይ ሠርቶ ኒውዮርክ ገባ። ኅዳር 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ለማንሞሃን ሲንግ በዋይት ሀውስ ግብዣ ባደረጉ ጊዜ ተጋብዞ የመጣው ወጥ ሠሪ እርሱ ነበር። እንግዳው ሥጋ የማይበሉ ስለ ነበሩ ከቀረቡት ምግቦች አንዱ የቀይ ምስር ሾርባ ነበር። ከዓመቱ ቀን ግማሽ ያህሉን ለሚጾም ለእኛ ሕዝብ ይህ ምን ይደንቃል? የእኛ እናቶች ጾሙን በምስር አልፈዋል።

በዛሬው ዘመን በዚህ ሙያ የተሰማራ ሰው ቢላዋውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመርከብ ወደ መርከብ፣ ከስፖርተኛም ጋራ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል። የመጀመሪያ ሥራው ማብሰል ሳይሆን መጠየቅ ነው። ጾም ነው ወይስ ፍስክ? የስኳር በሽታ ያለበት አለ? ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ይኖራል? በማያውቀው ገበያ ገብቶ ይገዛል፤ በማያውቀው ምድጃ ላይ ይሠራል። ችግሩንም አንሸሽግም። ሌላው በዓል ሲያከብር እርሱ ይሠራል፤ የሠራውን ቁጭ ብሎ አይበላም፤ አንድ ወር ሥራ ሲበዛበት በሌላው ወር ሊያጣ ይችላል። ጓደኛችን ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ከእኛም ይልቅ አጣርቶታል።

ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ የሌለውም ስለዚህ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከዚህ አዳራሽ በስተጀርባ ለእናንተ የሚቀርበውን ምስርና ክክ ሲሠራ ቆይቷል። ክኩንም ውሃው እዚህ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ስለሚያውቅ ማታውኑ ዘፍዝፎ አሳደረው። በርበሬ የማይስማማቸውን መምህራን ጠይቆ አልጫ ለይቷል። በዳር በኩል ደግሞ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ተጥዳ አየንና የማን እንደ ሆነች ጠየቅነው። «አባባን ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል» አለን።

ተጨማሪ የምንለው ነበረን፤ ነገር ግን እነሆ በሩ ላይ ቆሞ እንድናበቃ በእጁ ምልክት እየሰጠን ነው፤ እንጀራው እንዳይደርቅ ፈርቷል።