ከተማ ሲሰፋ የሚጠየቀው ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ከተማ እድገት በተነሣ ቍጥር የሚወሳው አዲስ አበባ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ልውሰዳችሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከተማ ሲሰፋ ምክር ቤት ገብቶ የሚናገረው ማን ነው? ወሬውን ከውጭ ሆኖ የሚሰማውስ?

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት አገሩን 200,000 ያህል ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች ከፍሎ ለያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ሰጠ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ ደግሞ የራሱ እንደራሴ ተፈቀደለት። ብቸናና ሞጣ ያን ጊዜ የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከዚህ ቍጥር አይደርሱም ነበርና ነጋዴውና አስተማሪው ከገበሬው ጋራ አብረው መረጡ። ይህ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ከተሜና ባላገር አንድ ሰው መላካቸው ደግ ነገር ነበር እላለሁ። ተመራጩ ግን በወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ርስት ገበያ በማይወጣበት አገር የሰውን ሀብት በብር መተመን እንዴት እንደሚያስቸግር የጎጃም ልጆች ታውቁታላችሁ።

እንደራሴ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ በ1960 ዓ.ም. ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ እንደራሴዎቹ ተከራክረውበትና አሻሽለውት የወጣ ነው። የብቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ግን የደረሰው ክርክሩ ሳይሆን ገማቹ ነው። ግምቱ ልኬትን፣ ልኬቱም ከርስት መነቀልን ያመጣል ብሎ ሠጋ፤ ገማቹንም አላስገባም አለ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት አንድ ቀን ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ገበሬውን መጠየቅ ምን ያህል ያስወጣ ነበር?

ዛሬ ርስትም አውራጃም የለም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሏል። የከተማው ወሰን ይስፋ ሲባል ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው ምክር ቤት የሚቀመጡት የከተማው ነዋሪ የመረጣቸው ናቸው። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ የሚወሰድበት ገበሬ መራጭነቱ በገጠር ቀበሌ ስለ ሆነ በዚያ ምክር ቤት ድምፅ የለውም። ተካልሎ የከተማ መራጭ በሚሆንበት ቀን ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው። እርሱም ቢሆን ምርጫ ሲኖር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተላልፏል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ካሳ አለ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። አለ፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1161 ወጥቶለታል። ካሳ ግን ስለ ዋጋ የሚነሣ ነገር ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ውሳኔው ነው።

ከተማ አይስፋ አላልሁም። ወጣቱ ቤት መሥሪያ፣ ገበያውም ሜዳ ይፈልጋል። የምለው ይህ ነው፤ ወሰን የሚነካ ጉዳይ በቀረበ ጊዜ መሬታቸው የሚካለልባቸው ቀበሌዎች ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ከከተማው ምክር ቤት ይቀመጡ። በታዛቢነት ሳይሆን በሙሉ ድምፅ። ፕላኑም ከመጽደቁ በፊት ማሳው ድረስ ሄዶ በአማርኛ ይነበብላቸው፤ የመሐንዲስ ሥዕል ለብቻው ለገበሬ ምንም አይነግረውምና።

የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቻችን ይህን በአንቀጽ መልክ ብታረቁት ለመከራከር ያመቸናል። አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።