ስምን መጠበቅ፣ ሕይወትንም መጠበቅ

(በወላይታ ሶዶ ለአብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ወረርሽኝ ሲገባ ሁለት አደራ ይጣልብናል። አንደኛው የታመመውን ሰው ምስጢር መጠበቅ፣ ሁለተኛው ከእርሱ ጋር የተገናኙትን ፈልጎ ማዳን ነው። ሁለቱ አደራዎች አንዳንድ ጊዜ ይጋጫሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 በአገራችን መገኘቱ ተገለጠ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በጤና ሚኒስቴር ዕለታዊ መግለጫ የታማሚው ስም አይጠራም ነበር፤ ዕድሜው፣ ጾታውና ከየት እንደ መጣ ግን ይነገር ነበር። ይህ በአዲስ አበባ ማንንም ላያሳውቅ ይችላል። በቦዲቲ ወይም በአረካ ግን “ከውጭ አገር የመጣ ወጣት” ከተባለ ቤቱን የማያውቅ የለም።

እኛም በዚያን ጊዜ ተሳስተናል። አንዲት ነጋዴ እህታችን ስትታመም በጸሎት ስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተን “እንጸልይላት” አልን። ከዳነች በኋላ እንኳ ቅቤዋን የሚገዛት ጠፋ፤ ልጆቿም ከጎረቤት ልጆች ተለዩ። ይህን ያዩ ሌሎች ሳላቸውን ደበቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ “ከማን ጋር ነበራችሁ?” ብትል መልሱ “ከማንም” ሆነ። መጸለያችን ስሕተት አልነበረም፤ ስም መጥራታችን ነው እንጂ። እግዚአብሔር እኛ ባንነግረውም ስሟን ያውቃል።

ይሁን እንጂ ምስጢር መጠበቅ ዝም ማለት አይደለም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. በክልላችን በጂንካ የማርበርግ በሽታ ተገኘ። ይህ በሽታ በታማሚው የሰውነት ፈሳሽ ስለሚተላለፍ፣ ያስታመመና አስከሬን ያጠበ ሰው ሁሉ ለ21 ቀን በየዕለቱ ሊጎበኝ ይገባዋል። ለእርሱ አለመንገር ቤተሰቡን ለሞት መተው ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ።

የስብሰባ መዝገብ መያዝ ካስፈለገ ስም፣ ስልክና ቀን ብቻ ይጻፍበት። አንድ ታማኝ ሰው ይያዘው፤ ለጤና ሠራተኛ እንጂ ለሌላ አይሰጥ፤ ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠል።

ለተጋለጠው ሰው የተገናኘበት ቀንና የሚጠነቀቅበት መንገድ ይነገረው፤ የታማሚው ስም ግን ያለ ፈቃዱ አይነገር።

ከቤት እንዳይወጣ የተነገረው የቀን ሠራተኛ የሚበላው ከሌለው እውነቱን አይናገርም። እንግዲህ ስሞችን ከመጠየቃችን በፊት በቆሎውን እናዘጋጅ፤ ስናደርስለትም መንደሩ ሁሉ እያየ አይሁን።

ሰው ምስጢሩን የሚያካፍለው እንደማያዋርዱት ላወቃቸው ነው። ያን እምነት ዛሬ፣ በደኅናው ቀን እንሥራው።