ስለ ድሪቶ፤ ወይም ከእራፊ ጨርቅ ብርድ ልብስ በኅብረት ስለ መስፋት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ጉባዔ ላይ የሴቶች ክፍል «ልብስ ሰፊዎች ከሚጥሉት ቁራጭ ጨርቅ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ብርድ ልብስ እንስፋ» ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ በአዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሥቶ እንደነበረ የሚዘነጋ አይደለም። አንድ አባል ተነሥተው «ሐዘንተኛ ድሪቶ ልናለብስ ነው ወይ? እንዲህ ደኸየን እንዴ?» ብለው ጠየቁና ተጨበጨበላቸው። ነገሩም ሳይወሰን ቀረ። ከዚያ በኋላ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው «እርስዎ ጡረታ ስለ ወጡ ጊዜ አለዎት፤ አጣርተው ይንገሩን» ብሎ ለእኔ አስተላለፈው። እኔ 34 ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። መርፌ ይዤ የማውቀው ለቁልፍ ብቻ ነው። ቢሆንም ፋይል ተመርቶልኝ ሳላነብ መልሼ ስለማላውቅ፣ ይህንንም እንደ ፋይል ቆጥሬ ተያያዝኩት።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ድሪቶ ስንል ወዲያው ዓይናችን ላይ የሚመጣው እራፊ በእራፊ ላይ የተደረተበት፣ መልኩ የጠፋ የድኻ ልብስ ነው። የስድብ ቃልም አድርገነዋል። የማይገጥም ወሬ ሲወራ እንኳ «ድሪቶ» እንላለን። ዳሩ ግን ስንቶቻችን ነን እናታችን በሰፋችው ድሪቶ ውስጥ ተጠቅልለን ያደግን? እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጅ ይውጣ ብል፣ እጁን የማያወጣው ስለሚያፍር እንጂ ስላልለበሰ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሰው አገር ልውሰዳችሁ። አትላንታ የምትኖረው ልጄ ይህን ጉዳይ በስልክ ባጫወትኳት ጊዜ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ላከችልኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የልጅ ልጄ እያነበበች ተረጎመችልኝ። ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምጠራው እንዳይደናገራችሁ።

በአሜሪካ ደቡብ፣ አላባማ በሚባለው ክፍለ ሀገር ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል ዞሮታል፤ እንደ እኛ አባባል ከሞላ ጎደል ደሴት ነው። የሚኖሩበት ጥቁሮች ናቸው። መንደሩ በ1816 ጊ የሚባል ነጭ የጥጥ እርሻ የመሠረተበት ሲሆን፣ በ1845 ፔትዌይ ለሚባል ሌላ ባለርስት ተሸጠ። ባሪያዎቹ የጌታውን ስም ስለወሰዱ እስከ ዛሬ ድረስ ከመንደሩ ሰው ብዙው ፔትዌይ ይባላል። ባርነቱ ከቀረ በኋላም እዚያው ጭሰኛ ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በ1932 ምን እንደ ደረሰባቸው ስሙ። ዕዳ ያበድራቸው የነበረ ነጋዴ ሞተና ቤተሰቡ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ለመሰብሰብ መጣ። ከ60 በላይ ከሚሆኑ ቤተሰቦች በቆሎውን፣ ከብቱን፣ ዶሮውን፣ የእርሻ መሣሪያውን ጭነው ወሰዱባቸው። ክረምቱን ያለፉት ቀይ መስቀል በሰጣቸው እህል ነው። ቤታቸው የግንድ ቤት ስለሆነ ነፋስ ያስገባል። ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፉታል፤ ሌሊት ደግሞ የሚለብሱት ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስ፣ ከዱቄትና ከስኳር ከረጢት እየቀጣጠሉ የሰፉትን ነው። ውስጡ የሚገባውን ጥጥ እንኳ የሚያገኙት ከጥጥ መዳመጫው ወለል ላይ የተረፈውን ጠርገው ነበር። በዱላ እየደበደቡ አቧራውን ያራግፉታል። ይህ ለእኛ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም፤ በደጋን ጥጥ የነደፈ ሰው ባዘቶ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

አሠራራቸው ነው የገረመኝ። ከላይ የሚሆነውን ፊት እያንዳንዷ ሴት በየቤቷ፣ ልጆች ካስተኛች በኋላ ብቻዋን ትገጣጥመዋለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አይላትም። ፊቱ ሲያልቅ ግን ጎረቤቶቿን ትጠራለች። በአራት እንጨት ላይ ይወጠርና ከፊትና ከኋላ፣ ከመካከሉ ባዘቶው ገብቶ፣ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ በመርፌ ይወጉታል። እየሰፉ ይዘምራሉ፣ ወሬም ያወራሉ። ያንዷ ሲያልቅ ወደ ሌላዋ ቤት ይሄዳሉ። እኛ ይህን ደቦ እንለዋለን።

በ1960ዎቹ ዓመታት እነዚህ ሰዎች የመምረጥ መብት ይገባናል ብለው ሲነሡ ብዙ ግፍ ደረሰባቸው። ወንዙን የሚያሻግራቸው ጀልባ በ1962 ተቋረጠባቸው፤ የተመለሰው በ2006 ነው። እስቲ አስቡት፣ 44 ዓመት! አንዳንዶቹም በመራጭነት ስለተመዘገቡ ከቤታቸው ተባረሩ። በዚህ ጊዜ ነው ፍራንሲስ ዋልተር የሚባሉ ቄስ በዚያ ሲያልፉ በገመድ ላይ የተሰጣ ድሪቶ አይተው የቆሙት። ከሴቶቹ በ10 በ10 ዶላር እየገዙ ኒው ዮርክ ወስደው በጨረታ ሸጡላቸው። በ1966 ሴቶቹ ራሳቸው ማኅበር አቋቋሙ። ስሙም ፍሪደም ኪዊልቲንግ ቢ፣ ወደ እኛ ስንመልሰው የነጻነት የስፌት ደቦ እንደ ማለት ነው። በ1972 አንድ ትልቅ መደብር ከኮርዱሮይ ጨርቅ የትራስ ልብስ እንዲሰፉለት አዘዛቸው፤ ከዚያ የተረፈውንም ቁራጭ አልጣሉትም፣ እየወሰዱ ለየቤታቸው ብርድ ልብስ ሰፉበት። ማኅበሩ እስከ 2012 ድረስ ቆይቶ ተዘግቷል።

ያ ድሪቶ ዛሬ የት ነው ያለው? በ2002 በሂዩስተን ከዚያም በኒው ዮርክ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሕዝብ ተሰልፎ ተመለከተው። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አወጣው። «እንዲህ ደኸየን እንዴ» ላሉት አባል መልሴ ይኸው ነው፤ ከፉ ብለው እንዳይቀየሙኝ። ደኽይቶ የሰፋና አስቦ የሰፋ ሁለቱም አንድ መርፌ ነው የያዙት።

ለእኛ ለዕድርተኞች የሚቀርበው ግን ቴምብሩ አይደለም። በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የሚባሉ የዚያ መንደር ሴት ባላቸው ሞተባቸው። ሴትዮዋ የሟቹን የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ሰብስበው ከልጃቸው ጋር ቀደዱና አንድ ብርድ ልብስ ሰፉ። የጉልበቱ ልብስ የተበላበት፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ኪሱ ተፈትቶ ከሥሩ ደማቁ ቀለም የታየበት፣ ሁሉም ይለያል። ይህን ያደረጉት እንዲያስታውሱት፣ ለብሰውትም እንዲተኙ ነው። ያ ልብስ አሁን በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥዕል ቤት ይገኛል።

የልጅ ልጄ ይህን ስታነብልኝ ትንሽ ቆይ አልኳት። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ብዙዎቻችሁ ቀብራችኋታል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልብሷን እንደ ደንቡ ለነዳያን ሰጥተናል። ሁለት የቤት ቀሚሶቿን ግን ልጄ «እነዚህን ማንም አይወስዳቸውም» ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀርታ ነው የሄደችው። የማይለበስ፣ የማይሰጥ፣ የማይጣል ነገር ሆኖ ተቀመጠ። አንደኛው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው፤ ጥፉን ራሷ ናት የሰፋችው። የሴቶች ክፍል ለሙከራ አንድ ብርድ ልብስ ሲጀምር ልጄን አስፈቅጄ ሰጠኋቸው። ሁለት አራት ማዕዘን ወጥቶታል። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነገር ግን በሐምሌ ከጫካው ጫፍ ካለው ቤት ለቅሶ በነበረ ጊዜ፣ ከገጠር የመጡ ለቀስተኞች በረጠበ ጋቢ ወለል ላይ ማደራቸውን ኮሚቴው ያውቃል። ዕድራችን ካሉት 12 ብርድ ልብሶች ሦስቱ ተቀዳደው ከግምጃ ቤት አይወጡም፤ ሁለቱ በእሳት ተበልተዋል። ያ የሙከራ ልብስ በዚያ ሌሊት አንዲት አሮጊት አሙቆ አሳደረ። ማን እንደ ሆኑ አላውቅም፤ እሳቸውም የማንን ቀሚስ እንደ ለበሱ አያውቁም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ሒሳብ ስለሚበዛበት እዚህ ላይ ታገሡኝ።

ሙከራው ሲጀመር ሁሉም በየቤቱ አራት ማዕዘን ሰፍቶ ያምጣ ተባለ እንጂ ልኩ አልተወሰነም ነበር። አንዷ በስንዝር ለካች፣ አንዷ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንዷ «በዓይኔ እችላለሁ» አለች። ሲገጣጠም አንዱ ረድፍ ከሌላው በአራት ጣት በለጠ። የሰው ጥፋት አይደለም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በዓይን አትታይም፤ በሰባት ቁራጭ ሲባዛ ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። ግማሹ ተፈትቶ እንደገና ተሰፋ። ስለዚህ አናጢ አባላችን ከኮምፔንሳቶ 32 በ32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ቆረጡልን። ጨርቁ ከተገጣጠመ በኋላ በሰሌዳው ዙሪያ በጠመኔ ተሠምሮ ይቆረጣል። በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 30 በ30 ይቀራል። ዛሬ በውጭ አገር ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሴቶች በስልክ ተስማምተው፣ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ሰፍተው በፖስታ እየተላላኩ አንድ ልብስ ያወጣሉ። ይህ የሚቻለው ልኩ አንድ በመሆኑ ብቻ ነው።

ንድፉን በተመለከተ የጊስ ቤንድ ሴቶች «የቤት ጣራ» የሚሉትን ብንከተል ይቀላል። መካከሉ ላይ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ይደረግና በዙሪያው ቅድ ቅድ እየተቀጠለ ይሰፋል። በእኛ ልክ ሲሰላ መካከለኛው 8 በ8 ሆኖ ይቆረጣል፤ ቅዶቹ ስፋታቸው 6 ይሆናል። ስፌቱ ሲገባ መካከሉ 6 ይሆናል፤ አንድ ዙር ሲዞር 14፣ ሁለተኛው 22፣ ሦስተኛው 30። አራተኛ ዙር የለም። ጠባብ ቁራጭ ሁሉ ስለሚያገለግል ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉት ይበቃል። በሰፈራችን ያሉት ሦስት ልብስ ሰፊዎች ቁራጩን በነጻ በማዳበሪያ ከረጢት ያኖሩልናል።

ጨርቁ ሳይቆረጥ ይታጠብ። ቴትሮንና ጥጥ አንድ ላይ ተሰፍተው በኋላ ሲታጠቡ ጥጡ ይሰበሰብና ልብሱ ይጨማደዳል፤ ቀይ ደግሞ ቀለሙን ይለቃል። ሹራብና የሚሳብ ጨርቅ አታምጡ። ካኪ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ፣ አሮጌ አንሶላ መልካም ነው። ስፌቱ በየዙሩ በካውያ ቢተኮስ ሥራው ቀጥ ይላል። ውስጡ ባዘቶ ከሆነ ከፊት እስከ ኋላ የሚወጋው ስፌት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ መራራቅ የለበትም፤ ከተራራቀ ሲታጠብ ጥጡ አንድ ጥግ ሄዶ ይጓጉላል። በባዘቶ ፋንታ እነዚያን የተቀዳደዱትን ብርድ ልብሶች ውስጥ መክተትም ይቻላል፤ እኔ በበኩሌ ይህን እመርጣለሁ፣ ገንዘብ አያስወጣም። ገበሩ አቡጀዲ ይሆናል። ዳሩ ላይ አቡጀዲው ወደ ፊት ታጥፎ ይዘመዘማል።

አምስት ወርድ፣ ሰባት ቁመት፣ ይህም 35 ቁራጭ ማለት ነው፤ 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ከ10 ይወጣዋል። የዕድራችን አባላት 143 ስለሆንን፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ቢመጣ አራት ብርድ ልብስ ወጥቶ ሦስት ቁራጭ ይተርፋል። ድር ቢያብር የሚለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ወንዶችም አንቀርም፤ ልብስ ሰፊዎቻችን ወንዶች አይደሉም እንዴ?

የሟች ልብስ ማምጣት ግዴታ እንዳይመስላችሁ። የማይፈቅድ ቤት አለ፣ ሃይማኖቱም ሐሳቡም የማይቀበለው አለ፤ የልብስ ሰፊ ቁራጭ ይበቃል። የሚያመጣ ካለ ግን በደንብ አጥቦ ያምጣ። ስም ይጻፍበት የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። እኔ ተቃውሜአለሁ። ስማችን በዕድሩ መዝገብ ላይ አለ፤ በልብሱ ላይ ከተጻፈ ግን ነገ «የእኔ ቤት አራት ማዕዘን ለማን ተሰጠ» የሚል ክርክር ይመጣል። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል።

የሚያስፈልገው ወጪ ለአቡጀዲና ለክር ብቻ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን አቅርበዋል፣ ድምፅ የሚሰጥበት በዚያ ነው። ውሳኔው ካለፈ ሰሌዳው ከሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ቤት ይገኛል። አንድ ቤት ከሦስት ቀን በላይ እንዳያቆየው። ሁለተኛ ሰሌዳ አናጢው ይቆርጡልናል፣ ቃል ገብተዋል። የተሰፋው ቁራጭ ከወርኃዊ መዋጮ ጋር እሑድ እሑድ ይገባል፤ እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ እየለካሁ እመዘግባለሁ። 32 ያልሞላውን እመልሳለሁ፣ ከአሁኑ ይታወቅልኝ።