የእድር ጥሩምባ ከሞት በፊት

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ የሰጠኝ ርእስ በባሕር ዳርቻ ያሉ ሕዝቦች ከዐውሎ ነፋስ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ የሚል ነው። የቡታጅራ ልጅ ስለ ባሕር ምን ያውቃል ብላችሁ እንደምትስቁ አልጠፋኝም። ቢሆንም ነገሩን ሳጠናው ወደ ገዛ ደጃፌ ስላደረሰኝ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው፣ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በነበረችው አገር፣ በኅዳር 1963 ዓ.ም. ከባሕር የተነሣ ዐውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ፈጀ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሌላ እጅግ ብርቱ ዐውሎ ያንኑ አገር መታ፤ የሞቱት ከ3,000 በላይ ነበሩ። ይህም ቢሆን ቀላል ሐዘን አይደለም። ግን በሁለቱ መካከል የመንደር ፈቃደኞች በብስክሌትና በድምፅ ማጉያ እየዞሩ «ተነሡ፣ ውጡ» ማለትን ለምደው ነበር፤ ሕዝቡም የሚሸሽበት፣ በምሰሶ ላይ የቆመ የሲሚንቶ ቤት በየቦታው ተሠርቶለት ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ድሬዳዋ ባሕር የላትም። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው ይመላለስበታል፣ ይገበያይበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ፤ ብዙዎቹን ከመኝታቸው። በዚያው ሰሞን ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ኦሞ ውስጥ የእኛም ውሃ አለበት፤ በወልቂጤ አጠገብ የሚያልፈው ዋቤ ወደ ግቤ፣ ግቤም ወደ ኦሞ ይወርዳልና። በምሥራቅ በኩል ደግሞ መቂ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው ዘቢዳር ከ3,600 ሜትር ያልፋል። ይህን ያህል ቁልቁለት ለአንድ ከተማ ምን ማለት እንደ ሆነ የድሬዳዋን ነገር የሰማ ይፍረድ።

አባቶቻችን ይህን ሳያስቡ ሰፈሩ ማለት አይቻልም። ጀፎሮን ተመልከቱ። እንግዳ ሰው ሲያየው የፈረስ ሜዳ ይመስለዋል፤ በርግጥም ፈረስ ይጋለብበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል። ነገር ግን ያ ሰፊ ሣር የዝናቡን ውሃ ያዘገየዋል፤ አንዱ ጎጆ ቢቃጠልም እሳቱ ወደ ማዶው ረድፍ በቀላሉ አይዘልም። ጀፎሮ የሁሉ ስለ ሆነ አጥሩን የገፋበት ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል። በከተሞቻችን ይህ ሥርዐት ላልቷል። የውሃ መውረጃው ቦይ በፌስታል ተደፍኖ፣ በላዩም ሱቅ ተሠርቶበት እናያለን፤ ባለ ሱቁን የሚጠይቅ ሽማግሌ ግን የለም። (ከባለ ሱቆቹ አንዱ አጎቴ መሆናቸውን እዚህ ያሉ የአገሬ ልጆች ያውቃሉ።)

በከተማ ሳይላላ የቆየልን እድር ነው። የጎረቤት ፍቅር ብቻውን ግን እንደማይበቃ ጎፋ አሳይቶናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ መሬት ተንዶ ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት ሮጦ መጣ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ዳገቱን እያየ «ራቁ» የሚላቸው ሰው አልነበራቸውም።

እድር መዝገብ አለው፤ ማን በየትኛው ቤት እንዳለ፣ የማን እናት ከአልጋ እንደማይነሡ ያውቃል። ድንኳንና ገንዘብ አለው። ከሁሉም በላይ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ጎሕ ሲቀድ ያ ጥሩምባ ተነፍቶ የማይነቃ ቤት የለም። ታዲያ ለሞተ ሰው ብቻ ለምን ይነፋል? በተራራው ያለ ዘመድ «እዚህ ዝናቡ ከብዷል፣ ወንዙም ደፍርሷል» ብሎ በእጅ ስልክ ቢደውል፣ የታቹን ሰፈር በጥሩምባ ማንቃት ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የእድር ዳኛ ባጫውታቸው «ልጄ፣ ሰው ሳይሞት ጥሩምባ መንፋት ሟርት ነው» አሉኝ። ነገራቸውን አልናቅሁትም። ለለቅሶ የለመድነው አነፋፍ ይቆይ፣ ለጎርፍ ግን አጭር አጭር ይሁን ብዬ መለስሁላቸው። ፈገግ ብለው «ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርበው» አሉኝ። ጎርፍ ሳይመጣ ተነፍቶ ሰው ቢሰለችስ የሚልም አለ። በከንቱ መነሣት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያስከፍላል፤ የደቻቱ ሌሊት የስንት ሰው ዕድሜ እንዳስከፈለ ግን ተናግሬአለሁ።

ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የምንሄድ ሁሉ የየሰፈራችንን ሽማግሌዎች ዱሮ ውሃው በየት ይወርድ እንደ ነበር እንጠይቃቸው፤ በዚያ መስመር ላይ የተሠሩትንም ቤቶች በእድሩ መዝገብ ላይ ምልክት እናድርግባቸው። የአጎቴን ሱቅ እኔው ራሴ እመዘግባለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።