ከአቦል እስከ በረካ፦ በገበያው መካከል አንድ ማዕድ፣ አንድ ቴአትር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

 

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ስለ ዘረኝነት መነጋገር ከፈለግን ከማትናሱ አዳራሽ እንውጣና በኔታንያ ገበያ ማዕድ እንዘርጋ፤ እዚያው አጭር ቴአትር እናሳይ። አዳራሽ የሚመጣው ሁልጊዜ እኛው ነን። ተነጋግረን፣ ተስማምተን እንበተናለን። ሹኩ ላይ ግን ሁሉም አለ፤ ከሞሮኮ የመጣው፣ ከሩሲያ የመጣው፣ ከፈረንሳይ የመጣው። ጎን ለጎን ቆመን ቲማቲም እንመርጣለን፤ አንነጋገርም።

"ለምን በምግብ?" ትሉ ይሆናል። ለእኛ ከሌላው ጋር አብሮ መብላት ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ጎንደር ሳሉ ወላጆቻችን የንጽሕና ሕጋቸውን ስለሚጠብቁ ከሌላው ሰው ጋር ማዕድ አይጋሩም ነበር። ጎረቤቱም በበኩሉ ሸክላ የምትሠራዋን እናትና ብረት የሚቀጠቅጠውን አባት "ቡዳ ናቸው" እያለ ይፈራ ነበር። እዚህ አገር ከመጣንም በኋላ ነገሩ አልቀረም። በ1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲጣል እንደኖረ በጋዜጣ ወጣ፤ ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጣ። በ2018 ደግሞ የባርካን የወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ ለኮሸር ማረጋገጫ ሲል፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ እንዳነሣ ተሰማ። የወቅቱ ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ራሳቸው ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። አያችሁ? ጥያቄው ሁልጊዜ "የማን እጅ ነካው?" ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከእኛ ጋር እጁን ወደ አንድ ትሪ ሲሰድ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም። እንግዳው እንጀራውን በልቶ፣ "ይጣፍጣል!" ብሎ፣ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። ያው ሰው ነገ ቤት ሲያከራይ ፊታችንን አይቶ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

ቴአትሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፊት ለፊት የማይነገረውን በጨዋታ መንገር ለአማርኛ ቴአትር አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ሹማምንቱን የነቀፈው እንስሳትን እያናገረ ነው። ለገበያው የሚስማማው ግን ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዓይነት ይመስለኛል። ተዋንያኑ አንድ በደል አሳይተው ነገሩ ሲበላሽ ያቆማሉ። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ከተመልካቹ አንዱ "ቁም!" ይልና በተዋናዩ ቦታ ገብቶ "እኔ ብሆን" የሚለውን ሠርቶ ያሳያል።

ሥርዓቱን ከቡናችን እንውሰድ። መጀመሪያ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይቅረብ። ሥጋም ወተትም የለበትም፤ ማረጋገጫ ካለው ቤት ከተሠራ ማንም ለመብላት አይቸገርም። በአንድ ትሪ ዙሪያ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይቀመጥ፤ ሰው ይደባለቅ።

አቦል ሲቀዳ ቴአትሩ ይታይ፤ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ። ለምሳሌ በስልክ "ና፣ ቤቱን እይ" የተባለ ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ "ተከራይቷል" ይባላል። አንድ ጎረቤት ደረጃው ላይ ቆሞ ሁሉን ይሰማል፤ ዝም ይላል።

በቶና ተመልካቹ እየገባ ይሞክር። እናቶቻችን በአማርኛ ይግቡ፣ ልጆች ይተረጉማሉ፤ "ዕብራይስጥ አልችልም" ብሎ መቅረት የለም። እንግዶቻችንን በዚያ ዝም ባለው ጎረቤት ቦታ እናስገባቸው። "ያሳዝናል" ማለት ቀላል ነው፤ አፍ አውጥቶ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ እዚያ ሲቆሙ ያዩታል።

በረካ ላይ እያንዳንዱ ሰው በዚያ ሳምንት የሚያደርገውን አንድ ነገር ተናግሮ ይነሣ።

"እንጀራ በመብላት ዘረኝነት ይጠፋል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አይጠፋም፤ ሕግም ሰልፍም ያስፈልጋል። የፓልሞር ኮሚቴ በ2016 ሪፖርቱን ያቀረበው፣ በፍትሕ ሚኒስቴርም የዘረኝነት አቤቱታ የሚቀበል ክፍል የተቋቋመው ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ ነው። ነገር ግን አቤት የሚለው የደረሰበትን መናገር የለመደ ሰው ነው። ፖሊስ አቁሞ እንደፈተሸው ለአባቱ ያልነገረ ልጅ ለሚኒስቴር ይናገራል? አባቱስ ሥራ ቦታ የተባለውን መቼ ለልጁ ነገረው? "ቀን ያልፋል" እያልን የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን ኖረናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እኩልነት የምንጠይቅ ከሆነ የራሳችንንም ጓዳ እንክፈት። "ጨዋ"ና "ባርያ" እየተባባልን ልጆቻችን እንዳይጋቡ የምንከለክል ዛሬም አለን። ለዚህም ቴአትር ይሠራለት። የሌላውን ጥፋት ብቻ ካሳየን ከእንግዶቹ ይልቅ የራሳችን ልጆች ይታዘቡናል።

እንግዲህ ከገበያው ነጋዴዎች ጋር ተነጋግረን ቀን እንቁረጥ። እናቶች ለማዕዱ፣ ወጣቶች ለቴአትሩ፣ ዛሬ ሳትወጡ ተመዝገቡ። አባቶች፣ ምርቃታችሁ አይቅርብን፤ ግን በእናንተ ላይ የደረሰውንም ንገሩን። ልጆቹ ከዚያ ተነሥተው ይጻፉ።