በሙቀት ወራት ለጫጩት ስለሚሰጠው ሙቀት
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው በኛ በአዳማ ዕንቁላል ሸጦ ወርኃዊ መዋጮውን የሚከፍል ቤት ጥቂት አይደለም። ጡረተኛውም፣ ባሏ የሞተባት እናትም ከዶሮዋ ትንሽ ትንሽ ታገኛለች። ስለዚህ አንድ ካርቶን ጫጩት አለቀ ሲባል ቀላል ነገር አይደለም፤ የአንድ ቤት የወራት ተስፋ ነው። እኛም ዛሬ ለመናገር የተነሣነው መዳን ሲችል ስለሚሞተው ጫጩት ነው።

ብዙ ሰው ጫጩት የሚገድለው ብርድ ነው ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሙቀትም ይገድላል። ጫጩት ሲሞት ወዲያው «ፈንግል ገባ» ይባላል። ፈንግል ክፉ በሽታ መሆኑን አንክድም፤ ክትባቱም መቅረት የለበትም። ቢሆንም መጀመሪያ አምፖሉን ማየት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ተስተካክሎም ሞቱ ካልቆመ ያን ጊዜ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የለበሰው ለስላሳ ጠጉር እንጂ ላባ አይደለም፤ የገዛ ሰውነቱን ሙቀት ጠብቆ መያዝ አይችልም። ስለሆነም በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። በ5 ወይም በ6 ሳምንት ላባው ሲሞላ አምፖሉ ይቀራል። ብዙ ሰው የ45 ቀን ጫጩት የሚመርጠው ለዚሁ ነው። የአንድ ቀኑ ዋጋው ቀለል ስለሚል የሚገዛው አለ፤ ምክራችን ለእርሱ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በሞቃቱ ወር ቀን 30 ዲግሪ ቢደርስ ሌሊት ከ20 በታች ይወርዳል። 33 ዲግሪ የሚፈልግ ጫጩት ቀን የሚጎድለው 3 ብቻ ነው፤ ሌሊት ግን ከ13 በላይ ይጎድለዋል። ታዲያ አንዱን አምፖል ቀንም ሌሊትም እዚያው ሰቅሎ መተው ምን ይባላል? ለሌሊት የበቃው ቀን ያቃጥላል። በተለይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ክዳኑ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ ከሆነማ ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ምድጃ ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሰውነቷን የምታበርደው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ስታለከልክ ደግሞ በሰውነቷ ያለው ውሃ ያልቃል። ትንሹ ጫጩትማ ምን ያህል ውሃ አለውና!

ቴርሞሜትር ያለው በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ልክ ይስቀለው። የሌለው አይጨነቅ፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ይዘው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ከተጠጉ ነፋስ እየገባ ነው። እዚህም እዚያም ተበትነው የሚበላው ከበላ፣ የሚተኛው ከተኛ ልኩ ይኸው ነው።

ሊደረግ የሚገባው የሚከተለው ነው።

1ኛ. ማሳደጊያው ሰፋ ይበል፤ አምፖሉ በአንድ ጫፍ ይሰቀል፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። እናት ዶሮ ያቀፈቻቸው ሲበርዳቸው ክንፏ ሥር ይገባሉ፣ ሲሞቃቸው ይወጣሉ። እኛም ይህንኑ ምርጫ እንስጣቸው። ማዕዘን ላይ እንዳይተፋፈጉ ዙሪያው ክብ ቢሆን ይሻላል።

2ኛ. አምፖሉ በገመድ ከፍ ዝቅ የሚል ይሁን። ፀሐይ ስትበረታ ከፍ ማድረግ ወይም ማጥፋት፣ ሲመሽ ዝቅ ማድረግ ነው።

3ኛ. ውሃው ከአምፖሉ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እኩለ ቀን ላይም ይለወጥ። ጫጩት እንዳይሰጥምበት ጠጠር ይጨመርበት።

4ኛ. ቆርቆሮው ላይ ሣር ወይም አሮጌ ሰሌን ይልበስ። መስኮት ይከፈት፤ ነፋሱ ግን ከላይ ይለፍ እንጂ ጫጩቶቹን አይምታ።

5ኛ. ለሙቀት የሚሆነው ባለ ሽቦው አምፖል ነው። አሁን በየቤቱ የገባው ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ የረባ ሙቀት አይሰጥም። ሌሊት መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መሐላቸው ማስቀመጥ ይረዳል። ከሰል አንድዶ ቤት መዝጋት ግን ጫጩቱንም ባለቤቱንም ይገድላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውሳለን። ለፋፊው ጠርቶን ለቀብር የምንወጣው ብዙውን ጊዜ በቀትር ነው። ቤቱ ተዘግቶ አምፖሉ እንደበራ ይቀራል፤ ጫጩቱም የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ነጠላችንን ስናነሣ ማሳደጊያውንም እንይ፤ ቤት ለቀረው ጎረቤትም «8 ሰዓት ላይ እስቲ ቃኝልኝ» እንበል። ዕድር ማለት መተያየት ነውና።