ከአፍ መፍቻ ቋንቋ የወጣ ዜማ፦ የካንቶን ኦፔራ



ለዛሬው ዲስኩሬ የመረጥኩት በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግና በጓንግሺ፣ በሆንግ ኮንግና በማካዎ ሲዘፈንና ሲተወን የኖረውን የካንቶን ኦፔራ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የቻይና ኦፔራ ሲባል ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስበው ቤጂንግን ነው። የተቀባው ፊት፣ የከበሮው ነጎድጓድ፣ በጥልፍ ያሸበረቀው ልብስ በሁለቱም ዘንድ አለ። የካንቶኑን ለብቻው የሚያቆመው ግን የአገሬው ሰው የሚነጋገርበት ቋንቋ ነው።

ካንቶንኛ የቃላትን ትርጉም በድምፅ ከፍታ ይለያል። «ሲ» የምትለዋን ድምፅ ከፍ አድርገው ቀጥ ሲያደርጓት ግጥም ትሆናለች። ወደ ላይ ሲስቧት ታሪክ፣ በመካከለኛ ከፍታ ሲይዟት ሙከራ፣ ቁልቁል ሲለቋት ጊዜ፣ ከዝቅታ ጥቂት ሲያነሷት ገበያ፣ ዝቅ አድርገው ቀጥ ሲያደርጓት ደግሞ ጉዳይ ትሆናለች። እኛ «ገና»ን በማጥበቅና በማላላት በዓሉን ከጊዜው እንደምንለይ፣ እነርሱ ስድስቱን በቃና ይለያሉ።

እንግዲህ በዚህ ቋንቋ የዘፈን ግጥም የሚጽፍ ሰው ያለበትን ጭንቅ አስቡት። ዜማው ሽቅብ በሚወጣበት ቦታ ቃናው የሚወርድ ቃል ካስገባ፣ አድማጩ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው። ኦፔራው ለዚህ ያገኘው መላ እጅግ ያስደንቀኛል። ባንግዚና ኧርሁዋንግ በሚባሉት ዋና ዋና ስልቶች ዜማው ተቆርጦ የተሰጠ አይደለም። ስልቱ የምቱን አካሄድና ስንኙ የሚያርፍበትን ድምፅ ይወስናል፤ በመካከል ያለውን ዘፋኙ የየቃሉን ቃና እየተከተለ ራሱ ያወጣዋል። ግጥሙ ሲለወጥ ዜማውም ይለወጣል።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። ቡድኖቹ በቀይ ጀልባዎች ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ በሚያሳዩበት ዘመን፣ በመድረክ ላይ በዋናነት ይዘፈን የነበረው ከሌላ አካባቢ በመጣ የመድረክ ቋንቋ ነበር። በ1854 ሊ ዌንማኦ የተባለ ተዋናይ የሙያ ባልደረቦቹን አስከትሎ በቺንግ መንግሥት ላይ ሸፈተ። መንግሥትም በፎሻን የነበረውን የተዋንያን ማኅበር ቤት አወደመ፤ ኦፔራውንም ለዓመታት ከለከለ። ተዋንያኑ እንደገና ባሄ በሚባለው ማኅበር ተሰባስበው በጓንግዡ የቆሙት በ1889 ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት፣ መድረኩ ወደ ካንቶንኛ ሲዞር ነው። የወንድ ገጸ ባሕርያት ይዘፍኑበት የነበረው ቀጭን ድምፅ ወርዶ ወደ ተፈጥሯዊው የሰው ድምፅ ቀረበ። መሣሪያዎቹም ተከተሉት። በ1920ዎቹ ሉ ዌንቼንግ በደጋን የሚመታውን ባለ ሁለት አውታር ኧርሁ ወሰደ፣ የሐሩን ክር በብረት ተካ፣ ቅኝቱን ከፍ አደረገ፣ የመሣሪያውንም ሳጥን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ይጫወት ጀመር። ጋኦሁ የተባለው ይህ ብሩህ ድምፅ ያለው መሣሪያ ዛሬም የካንቶን ሙዚቃ መለያ ነው። ቫዮሊንና ሳክስፎንም ገቡ። ይህን እንደ መበረዝ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቋንቋው በቦታው እስካለ ድረስ ቫዮሊኑም የዘፋኙን ቃና እየተከተለ ካንቶንኛ ይማራል።

በ1957 ቶንግ ዲክሳንግ የጻፈው «የአበባዋ ልዕልት» በሆንግ ኮንግ ለመድረክ በቃ። የልዕልቷን እጮኛ የተጫወተችው ሴቷ ያም ኪምፋይ ስትሆን፣ ልዕልቷ ባክ ሹትሲን ነበረች። በሠርጋቸው ሌሊት መርዝ ጠጥተው የሚሞቱት ሙሽሮች የሚዘፍኑት የመጨረሻ ቅብብል ቀድሞ በነበረ ዜማ ላይ የተጻፈ ነው፤ እዚህ ላይ ደራሲው ነጻነት የለውም፣ ለእያንዳንዷ ድምፅ የሚስማማትን ቃል መፈለግ አለበት። ያን ዘፈን ቲያትር ቤት ረግጠው የማያውቁ የሆንግ ኮንግ ሰዎች ያንጎራጉሩታል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የገነነው የካንቶንኛ ፖፕ ሙዚቃ ግጥም ጸሐፊዎችም የሚገዙት ለዚሁ ሕግ ነው፦ ዜማው ይቀድማል፣ ቃሉ በቃናው ተመዝኖ ይገባል።

ኦፔራው ገና በ1852 ከስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ ሳን ፍራንሲስኮ ደርሷል። በአገሩም፣ በሆንግ ኮንግ መንደሮች፣ ዛሬም ለአማልክት በዓል ከቀርከሃ ትልቅ ዳስ ይጣላል፤ ጨዋታው በቅድሚያ የሚቀርበው ለአማልክቱ ነው፣ ሰው አብሮ ይታደማል።

በ2009 ዩኔስኮ ኦፔራውን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው፤ በ2019 ደግሞ ሆንግ ኮንግ በምዕራብ ካውሉን ታላቅ የኦፔራ ማዕከል ከፈተች። ሁለቱም ደግ ሥራ ነው። በጓንግዡ ትምህርት ቤቶች ግን የማስተማሪያው ቋንቋ የአገሪቱ መደበኛ ቋንቋ የሆነው ማንዳሪን ነው። በ2010 የከተማዋ ቴሌቪዥን ወደ ማንዳሪን ይዙር የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ነዋሪው አደባባይ የወጣው በከንቱ አልነበረም። ስድስቱን ቃና በቤቱ ያልሰማ ልጅ ልብሱን ይለብሳል፣ እርምጃውን ይማራል፣ የተቀዳውንም ዘፈን ይሸመድዳል፤ አዲስ ግጥም ሲሰጡት ግን ዜማ ሊያወጣለት አይችልም። ስለዚህ ለዚህ ጥበብ ገንዘብ የሚመድብ ሁሉ ከመድረኩና ከልብሱ በፊት ልጆች ካንቶንኛን የሚማሩበትንና የሚጫወቱበትን ቦታ ቢያስቀድም እላለሁ።